ሁለቱ የኢርማ ካርቶኖች

ኢርማ ክሌቨንገር ወንድሟን ዋሽታ ነው መኪናው ውስጥ የገባችው።

«የልብስ ስፌት ንድፍ ነው። ኮሎምበስ ላይ የሚፈልጉት ሰዎች አሉ» አለችው።

ዶይል ሁለቱን ካርቶኖች ተራ በተራ ተሸክሞ ከኋላ ጫናቸውና፣ «ለወረቀትማ ከበዱ» ብሎ ክዳኑን ጓ አድርጎ ዘጋው። ኢርማ ስልሳ አራት ዓመቷ ነው። ባሏን ቀብራለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስልክ ቤት ሠርታለች፤ የኦሃዮ ወንዝ ሞልቶ ደጇ ድረስ ሲመጣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አይታዋለች። ወንድሟን ግን ዛሬም ትፈራዋለች።

ካርቶኖቹ ውስጥ የስፌት ንድፍ የሚባል አልነበረም። በልጅነቷ እንጆሪ እየለቀመች ባገኘችው ሳንቲም ከመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ አንድ በአንድ የገዛቻቸው ኮሚኮች ነበሩ፤ ሽፋናቸው ቀይና ቢጫ የሆነ የሥዕል መጽሔቶች። የሙታን ታሪክ የሚያወራው «የጉድጓዱ ድምፅ» አለ፤ ደመና ላይ ፈረስ የምትጋልበዋ ልጅ አለች፤ ጉልቤውና ግራኙ «ባለ አንድ እጁ ሸሪፍ» አለ። ከሞተው ባሏ ከመርል በቀር ይህን ሀብት ያየ ሰው አልነበረም። መርል ካየ በኋላ ምንም ሳይጠይቅ የጥድ ሣጥን ሠርቶላት ነበር።

የምትደብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ጦርነቱ አብቅቶ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ኮሚክ የልጆችን አእምሮ ያበላሻል፣ ወንበዴ ያደርጋል የሚል ወሬ አገሩን ያዘው። የትንሿ ከተማቸው ትምህርት ቤትም ቅጠል በሚረግፍበት ወራት የማቃጠያ ቀን ቆረጠ። ከየቤቱ የሚሰበስብ ልጅ ሲፈለግ የዲያቆን ቴትሪክ ልጅ ዶይል ተመረጠ። ዐሥራ አራት ዓመቱ ነበር። በእጅ ጋሪ ከደጅ ደጅ እየዞረ የጓደኞቹን ኮሚክ ሁሉ ለቀመ። ሜዳው ላይ ክምሩ ከሰው ቁመት በለጠ። ልጆቹ በሰልፍ ቆመው ሁለተኛ ላያነቡ ማሉ፤ ዶይልም የራሱን ከሁሉ ቀድሞ ወረወረና ክብሪቱን ጫረ።

የዚያን ቀን ማታ አባታቸው ከእራት በኋላ መጽሐፍ ቅዱሱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ «በዚህ ቤት የቀረ አለ?» ሲል ጠየቀ። ኢርማ «የለም» አለች። የእሷ ግን ዶሮ ቤት ውስጥ ከመኖ ከረጢት ሥር ነበር። ዶይል ቀና ብሎ አያት። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ማወቅ አለማወቁን ጠይቃው አታውቅም፤ እሱም አንስቶት አያውቅም። የወንድሟ መኪና ደጇ በቆመ ቁጥር ግን ዓይኗ ወዲያው ወደ ሣጥኑ ይሮጥ ነበር።

ነገሩን ያመጣው ያለፈው ክረምት ነው። የውርጩ ጊዜ ከቤቷ በታች ያለው ቱቦ ፈነዳና ውኃው ከጥድ ሣጥኑ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣች። አንድ ቀን ጋዜጣ ላይ፣ ኮሚክ የሚመረምር ድርጅት እንዳለ አነበበች። ገጹን ቆጥረው፣ እጥፋቱንና ቅዳዱን አይተው፣ ከዐሥር ደረጃ ያወጡለታል፤ ከዚያም ጥርት ባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉታል። ማሸጊያውን ያልሰበረ ሰው አይነካውም ይላል ጋዜጣው። ይህቺ ቃል ነፍሷ ውስጥ ገባች። ድርጅቱ ቅዳሜ ኮሎምበስ በሚደረግ ትርኢት ላይ በእጅ ይቀበላል። በፖስታ መላክ የማይታሰብ ነው። ዓይኗን ግን በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሐኪሙ መኪና እንዳትነዳ ከልክሏታል። የቀራት ዘመድ ደግሞ ዶይል ብቻ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ነው የሄዱት። ዶይል መንገዱን ሙሉ ስለ ቤንዚን መወደድ፣ ስለ አዲሱ ፓስተር ረጅም ስብከት ያወራል። ኢርማ «እህ» ትላለች እንጂ ጆሮዋ ከኋላ ነው። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ካርቶኖቹ ሲንሸራተቱ ትሰማለች።

«ምነው ከሳሽ? እየበላሽ አይደለም እንዴ?» አላት።

«እበላለሁ።»

«ሳንድዊቹን አውጪው እንግዲህ፤ እኔን ደግሞ ጠኔ ሳይጥለኝ።»

ሳንድዊቹን ከከረጢቱ እያወጣች ሳለ ከሥራቸው ዷ የሚል ድምፅ ተሰማ። መኪናው ወደ ቀኝ ተጎተተ። ዶይል መሪውን ታግሎ ዳር አስያዘው።

«ጎማ ነው። አይዞሽ፣ ስኮርታ አለኝ» አለ።

ስኮርታው ያለው ከኋላ፣ ከካርቶኖቹ ሥር ነው። ኢርማ ይህ ሲገባት በሩን እንኳ መክፈት አቃታት። እንደምንም ወርዳ ስትዞር ዶይል አንደኛውን ካርቶን ከነማሸጊያው አንሥቶ ደረቱ ላይ ይዞታል።

«ቆይ! እኔ ላውርደው!»

«አንቺ ወገብሽን ልትሰብሪ? ወዲያ በይ!»

የካርቶኑ ሥር ተቀደደ። በላስቲክ ከረጢት የተጠቀለሉት ኮሚኮች እንደ ዓሣ ተንሸራተው ጠጠሩ ላይ ወረዱ። አንድ የጭነት መኪና አጠገባቸው በርሮ አለፈ፤ ነፋሱ የኢርማን ቀሚስ አውለበለበው። እሷ ጠጠሩ ላይ ተንበርክካ በሁለት እጇ ትሰበስባለች፤ አንዱን ትይዛለች፣ ሌላው ያመልጣታል። ቀና ስትል ዶይል ባዶውን ካርቶን እንደያዘ ቆሟል። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ጎንበስ አለና አንዱን አነሣ።

«ባለ አንድ እጁ ሸሪፍ» ነበር፤ ቁጥር ሰባት።

ሃምሳ ምናምን ዓመት የጠበቀችው ቀን መጣ። ይቀደዋል፤ ወይም ነፋሱ ላይ ይለቀዋል፤ ወይም ደግሞ ምንም ሳይል መኪናውን አዙሮ ወደ ቤት ይመልሳታል። ከመንገዱ ማዶ የደረቀ የበቆሎ አገዳ የሚያቃጥል ገበሬ ነበር፤ የጭሱ ሽታ መጣባት።

ዶይል ከረጢቱን ከፈተ፤ ኮሚኩን አወጣ። መንገዱ ዳር ያለው የብረት አጥር ላይ ተቀመጠና ገለጠ።

«ዶይል» አለች በሹክሹክታ።

አልሰማትም። አንድ ገጽ አየ። ሌላውን ሊገልጥ ጣቱን ወደ ምላሱ ሲወስድ ግን ከየት እንደመጣ የማታውቀው ጩኸት ከአፏ ወጣ፤

«ጣትህን አትላስ!»

ደነገጠ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ሁለቱም ተያዩ።

«ለምንድን ነው የማልልሰው?»

«ምራቅ ወረቀቱን ይበላዋል።»

ዶይል ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና የገጹን ጫፍ በጥፍሩ ገልጦ ማንበቡን ቀጠለ። የጭነት መኪኖች ያልፋሉ፤ ገጾቹ ይርገበገባሉ፤ ኢርማ ቆማ ትሞታለች። በመጨረሻ ዘጋው፣ ወደ ከረጢቱ መለሰው፣ ተነሥቶም ክሪኩን ፈልጎ ጎማውን መቀየር ጀመረ። ኢርማ ኮሚኮቹን እየቆጠረች ወደ ካርቶኑ ስትመልስ ቁጥሩ ይጠፋባት ነበር። ሥሩን በመርል አሮጌ ቀበቶ አሰረችው።

መኪናው ተነሣ። ረጅም መንገድ ከሄዱ በኋላ ነው ዶይል የተናገረው።

«የስፌት ንድፍ አልሽኝ።»

«አልኩህ።»

«ለወንድምሽ።»

«ለጋሪ ገፊው» አለች ኢርማ። ቃሉ ካመለጣት በኋላ የመኪናውን በር እጀታ ጨብጣ ተገኘች። የዶይል አንገት ከኮሌታው እስከ ጆሮው ቀላ።

የትርኢቱ አዳራሽ ውስጥ ሰው እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ካባ የለበሱ ልጆች፣ ፊታቸውን አረንጓዴ የቀቡ ሽማግሌዎች ይጋፋሉ። የድርጅቱ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነው። ዳኒካ የተባለች ልጅ እጇን ታጥባ መጥታ ኮሚኮቹን አንድ በአንድ እያወጣች ታይ ጀመር። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«እማማ፣ እነዚህን ከማን ገዙ?»

ኢርማ ሰረቅሽ የተባለች መሰላት። «ከመድኃኒት ቤት። አዲስ ሳሉ። በእንጆሪ ለቀማ።»

«ሁሉንም ራስዎ?»

«ራሴ። ማንንም አልበደልኩም።»

ልጅቷ ሣቀች። «ኧረ እንደሱ ማለቴ አይደለም! ከመጀመሪያ ገዢው እጅ ሳይወጣ የቆየ ስብስብ ብዙ አናይም። ይዩት፣ ወረቀቱ ነጭ ነው!»

ይኼኔ ዶይል ከኋላ አንገቱን አስግጎ ጠየቀ። «ፕላስቲኩ ቢቃጠልስ?»

«ጌታዬ፣ ከውኃ ርጭትና ከሰው እጅ ይጠብቃል። እሳት ከመጣማ ፕላስቲክም ይቃጠላል።»

ኢርማ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በልቧ፣ አንዴ ከታሸገ በቃ፣ ከሁሉም ነገር ያመለጠ መስሏት ነበር። ካርቶኑን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ልጅቷ በትዕግሥት ጠበቀች። ከኋላ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ።

«እማማ፣ ቤትዎ ካለው ሥጋት ይልቅ እኛ ጋ ይሻላቸዋል» አለች ዳኒካ ለስለስ ብላ። «እኔም የአያቴን አስገብቻለሁ። የዚያን ቀን ሳለቅስ ነው የዋልኩት።»

ኢርማ ካርቶኑን ለቀቀች። ልጅቷ ኢርማ ቤቷ ጽፋ ካመጣችው ዝርዝር ጋር እያመሳከረች ቆጠረች፤ ሁለተኛ ቆጠረች። ፊቷ ጠቆር አለ።

«አንድ ጎድሏል። ባለ አንድ እጁ ሸሪፍ፣ ቁጥር ሰባት።»

አዳራሹ ዞረባት። መንገድ ላይ ቀርቷል። ያ ሁሉ የጭነት መኪና እየሄደበት ነው። ጠረጴዛውን ተደግፋ ስትዞር ዶይል ከጎኗ ቆሟል፤ አዳራሹ እንደ ምድጃ ይሞቃል፣ እሱ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

«ዶይል። ጃኬትህን ፍታ።»

«በርዶኛል።»

«ፍታ አልኩህ!»

በሕይወቷ ታዝዛው እንጂ አዝዛው አታውቅም። ዶይል ግራ ቀኝ አየና ሁለት ቁልፍ ፈታ። የላስቲኩ ጫፍ ብቅ አለ።

«አልጨረስኩትም» አለ፣ እንደ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ኢርማ አየችው። ልትነጥቀው እጇ ተዘረጋ፤ መሃል ላይ ቆመ። ለምን እንደቆመ ራሷም አታውቅም። ወደ ልጅቷ ዞረችና፣ «እሱ ይቅር። ከዝርዝሩ ይሰረዝ» አለች።

እውነተኛው ፍርሃት የመጣው ግን ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ነው። በአንድ ወገን ሀብቷ ሁሉ በማታውቀው ሰው እጅ ነው። በሌላው ወገን ሸሪፉ ከቤቷ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ፣ ክብሪቱን የጫረው ሰው ቤት ተቀምጧል። ስልክ ስትደውል አይነሣም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። ሰኞ ጠዋት መስኮት ከፍታ ስታይ ከዶይል ጓሮ ወፍራም ነጭ ጭስ ይወጣል።

ካፖርት አልለበሰችም። በቤት ጫማዋ ኮረብታውን ወጣች፤ ባልዳነው ዓይኗ ላይ ብርሃኑ እየተሰነጣጠቀ ሁለት ጊዜ ተሰናከለች። ስትደርስ ዶይል ጭሱ ከሚወጣበት የብረት በርሜል አጠገብ መንሽ ይዞ ቆሟል። አላናገረችውም። ገፍታው አለፈችና ፊቷን ወላፈን እየላሳት በርሜሉ ውስጥ አጎነበሰች።

«አንቺ ሴት! ፀጉርሽ ይያዛል!» ብሎ በክንዷ ጎተታት።

ቅጠል ብቻ ነበር። የሜፕል ቅጠል፣ እርጥብ፣ የሚጨስ።

«የት አለ?» አለች እየሳለች። «የት አደረግኸው?»

ዶይል መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። መንሹ ከእጁ ወደቀ። የሰው ፊት በአንዴ ሲያረጅ ያን ቀን አየች።

«ግቢ» አላት።

ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የተተኮሰ ነጭ የትራስ ልብስ ተነጥፏል፤ ሸሪፉ እላዩ ላይ ተኝቷል። ከጎኑ ሳሙናና ፎጣ አለ። ኢርማ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አገላብጣ ፈተሸችው። አንድ ጥግ እንኳ አልታጠፈም።

«ስልኩን ለምን አታነሣም?»

«ምን ብዬ?» አለ ዶይል። ጀርባውን ሰጥቷት መስኮቱ ጋ ቆሟል። «ያኔ ባቃጠልንበት ቀን ጠዋት ይህንኑ ቁጥር እያነበብኩ ነበር። ሸሪፉ ገደል ላይ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ፣ ገመዱ እየተበጠሰ። ሌላው ገጽ ላይ ሳልደርስ አባባ ጠራኝ። ሞቷል ብዬ ነው የኖርኩት።»

«አልሞተም» አለች ኢርማ።

«አልሞተም! በጥርሱ ነዋ የያዘው! በጥርሱ!» ዶይል ሣቀ፤ ሣቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረበትና አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። ቆይቶም፣ «ዶሮ ቤቱን አውቅ ነበር። እንቁላል ልሰበስብ ስገባ አይቼዋለሁ» አለ።

ኢርማ አንገቷን ደፋች። እያወቀ ዝም ብሏታል ማለት ነው። ስትፈራው የኖረችባቸው ዓመታት የት እንደሚገቡ አላወቀችም። «እጅህን ታጥበሃል?» አለችው።

«ሦስቴ።»

«እንግዲያው ካርቶኑ ከመጣ በኋላ ያልታሸጉ ካሉ ታነባለህ።»

ስልኩ የተደወለው በረዶ መጣል በጀመረበት ሳምንት፣ ዶይል እሷ ቤት ሾርባ እየጠጣ ሳለ ነው። ዳኒካ ነበረች። ሁሉም ደኅና ናቸው፤ አብዛኞቹ ከስምንት በላይ ደረጃ አግኝተዋል፤ ደመና ጋላቢዋ ዘጠኝ ተኩል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለ። ስብስቡ ከአንድ ባለቤት እጅ ያልወጣ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ መለያ ላይ የባለቤቱ ስም ሊጻፍ ይችላል። የማን ስብስብ ተብሎ ይጻፍ?

ኢርማ የስልኩን አፍ በእጇ ሸፈነች። ፍርሃቱ እንደገና፣ እንደ ድሮው፣ ከእግሯ ጣት ጀምሮ ወጣ። ስሟ ይታተማል። የሚያየው ሁሉ፣ እሷ ናት፣ ዋሽታ የደበቀችው እሷ ናት፣ ይላል።

«ምን አሉ? ጠፋ አሉ?» አለ ዶይል ማንኪያውን አስቀምጦ።

«ስም ይጻፍ ነው የሚሉት።»

«ጻፊያ!»

«በአባባ ስም ነው መጻፍ ያለብኝ። ስገዛቸው ቴትሪክ ነበርኩ። አባባ መቃብሩ ውስጥ ይገለበጣል።»

ዶይል ዳቦውን ሾርባው ውስጥ ነከረ። «ይገለበጥ። በአንድ ጎኑ ብዙ ተኝቷል።»

ኢርማ እጇን ከስልኩ አነሣች። ዳኒካ በወዲያኛው ጫፍ «እማማ? አሉ?» ትላለች። በረዶው መስኮቱን ይመታል።

«አለሁ» አለች። ጮክ ብላም ሙሉ ስሟን ከነቴትሪኩ ተናገረች። ልጅቷ በትክክል እንድትጽፈውም ደግማ ተናገረችው።